አቋም ይጽና፤ አሰላለፍ ይለወጥ

ብሔራዊ ቡድናችን በተሸነፈ ቁጥር የሚነሣ፣ ባሸነፈ ማግስት ደግሞ የሚረሳ አንድ ክርክር አለ። አሰልጣኝ እንደ ተጋጣሚው ዓይነት አሰላለፉን መለወጥ ይገባዋልን? ወይስ «የራሴ አጨዋወት አለኝ» ብሎ፣ ከማንም ጋር ቢገጥም፣ በያዘው መጽናት? ብዙው ተመልካች ሁለተኛውን ይመርጣል፤ ከስፖርት ጋዜጠኞቻችንም በዚሁ የሚስማሙት ጥቂት አይደሉም። የማይለውጠው አሰልጣኝ «ፍልስፍና ያለው» ተብሎ ይወደሳል። የሚለውጠው «ፈሪ»፣ «ወላዋይ»፣ «በራሱ የማይተማመን» ይባላል። በዚህ ጸሐፊ እምነት ይህ አስተሳሰብ የተሳሳተ ነው፤ ጉዳቱም ከኳስ ሜዳ አጥር የሚያልፍ ነው። «ፖለቲካ ስንጠብቅ ኳስ አመጣህብን» የምትሉ አንባብያን ጥቂት ታገሡኝ። ኳሱን ይዤ ወደምታውቁት ሜዳ መመለሴ አይቀርም።

ሁለት ቃላት፣ ሁለት ነገሮች

ክርክሩ የሚበላሸው ከመነሻው ነው፤ ሁለት ቃላትን ስለምናምታታ። አንዱ «አቋም» ነው፤ ሌላው «አሰላለፍ»። የስፖርት ጋዜጠኛው «ቡድኑ ጥሩ አቋም ላይ ይገኛል» ሲል ብቃቱን ማለቱ ነው። ፖለቲከኛው «ይህ የማይናወጥ አቋሜ ነው» ሲል እምነቱን ማለቱ ነው። «አሰላለፍ» የሚለው ቃል ደግሞ ወደ ኳስ ሜዳ የገባው ከጦር ሜዳ ነው፤ በፖለቲካችንም «የኃይል አሰላለፍ» እንላለን።

አቋም ማለት ለምን እንደ ተነሣህ፣ በምን እንደምታምን፣ በምን እንደምትበልጥ ነው። አሰላለፍ ማለት ያንኑ ዛሬ፣ በዚህ ሜዳ፣ በዚህ ባላጋራ ፊት ለመፈጸም ሰዎችህን የት የት እንደምታቆም ነው። ኳስን በአጭር ቅብብል፣ መሬት ለመሬት ይዞ መጫወት አቋም ነው። 4-4-2 ግን አቋም አይደለም። 4-3-3ም አይደለም። እነዚህ የቁጥር ድርድሮች ናቸው፤ ዋጋቸውም በፊት ለፊታቸው በቆመው ሌላ የቁጥር ድርድር ይወሰናል።

እኔ የምጽፈው ከጣርማ በር ነው፤ ስለዚህ ምሳሌዬን ከዚሁ ልውሰድ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚሄድ የጭነት መኪና የደብረ ብርሃንን ሜዳ በፍጥነት ያልፋል። ጣርማ በር ሲደርስ ጉሙ ይቀበለዋል፤ ዋሻውን አልፎ ወደ ደብረ ሲና የሚወርደው መንገድ ቁልቁለት ነው። ሾፌሩ ማርሽ ይቀንሳል። መብራት ያበራል። ፍጥነቱን ይገታል። ይህን ሾፌር «ወላዋይ» ብሎ የሰደበው ተሳፋሪ እስከ ዛሬ አልሰማሁም። መድረሻው ደሴ ነው፤ መድረሻውን አልለወጠም። በሜዳው ማርሽ ቁልቁለቱን ልውረድ የሚል ሾፌር ቢኖር «ፍልስፍና ያለው» ብለን የምናመሰግነው አይመስለኝም፤ «አውርደኝ» ብለን እንጮኻለን እንጂ።

የሒሳብ ጉዳይ ነው

ነገሩን ከስሜት አውጥተን በቁጥር እንየው። ቡድንህ 4-4-2 ይሰለፋል እንበል። በመሐል ሜዳ ሁለት አማካዮች አሉህ፤ ሁለቱ ሌሎች በመስመር ላይ ናቸው። ባላጋራህ 4-3-3 ይዞ መጣ፤ መሐል ላይ ሦስት አማካዮች አሉት። ሦስት ለሁለት ነው። ከሦስቱ አንዱ ምንጊዜም ያለ ጠባቂ ይቆማል፤ ኳስ የሚያገኘውም እርሱ ነው። የአንተ ሁለቱ አማካዮች ከሦስት ሰው መካከል ሲሮጡ ይውላሉ፤ በ70ኛው ደቂቃ እግራቸው ይዝላል። ከዚያ ተመልካቹ «ወኔ የላቸውም» ይላል። ወኔ አልጎደላቸውም፤ የጎደላቸው አንድ ሰው ነው።

መፍትሔው ከአጥቂዎቹ አንዱን ወደ ኋላ ስቦ መሐሉን ሦስት ለሦስት ማድረግ ወይም ከመስመር ተጫዋቾቹ አንዱን ወደ ውስጥ ማስገባት ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ዋጋ አላቸው። አጥቂ ስትስብ የባላጋራህ ተከላካዮች ዕረፍት ያገኛሉ፤ የመስመር ተጫዋች ስታስገባ መስመሩ ይከፈታል። የአሰልጣኝ ሥራ ይህን ዋጋ አስቀድሞ ማስላት ነው። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አሰላለፍ ብቻ የሚያሰልፍ ሰው ስሌቱን ለባላጋራው አሰልጣኝ ትቶለታል፤ ባላጋራውም ቁጭ ብሎ ያሰላል።

ይህ አዲስ ጥበብ አይደለም። እ.ኤ.አ. ኅዳር 1953 ሃንጋሪ እንግሊዝን ዌምብሌይ ላይ 6 ለ 3 አሸነፈች። ሂዴግኩቲ የሚባለው የሃንጋሪ የመሐል አጥቂ ከፊት መቆሙን ትቶ ወደ ኋላ እየተሳበ ይጫወት ነበር። የእንግሊዝ የመሐል ተከላካይ ተከትሎት ቢወጣ ከኋላው ክፍተት ይፈጠራል፤ ባይከተለው ሰውየው ብቻውን ኳስ ይዞ ያስባል። ሂዴግኩቲ ብቻውን ሦስት ጎል አገባ። እንግሊዞች ግን በለመዱት አሰላለፍ ጸኑ። በስድስተኛው ወር ቡዳፔስት ሄደው 7 ለ 1 ተሸነፉ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይሏል ይህ ነው።

ከኔልስፕሩት የምንማረው

ወደ ራሳችን እንምጣ። በጥቅምት 2005 ዓ.ም. በአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው የሚመራው ቡድናችን ካርቱም ላይ 5 ለ 3 ከተሸነፈ በኋላ ሱዳንን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸንፎ፣ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፈ። የዚያን ቀን ደስታ የሚረሳው የለም። እኔ የምፈልገው ግን በጥር ወር ደቡብ አፍሪካ ላይ የሆነውን ነው፤ ምክንያቱም ሁለት ጨዋታዎች ጎን ለጎን ሲታዩ ክርክሩን የሚፈቱ ይመስለኛል።

ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ኔልስፕሩት ላይ ከዛምቢያ ጋር ተጫወትን። ዛምቢያ የዋንጫው ባለቤት ነበረች። ሳላዲን ሰዒድ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ። ከዚያ ግብ ጠባቂያችን ጀማል ጣሰው ገና በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ካርድ ወጣ፤ ከዕረፍት በፊትም ጎል ተቆጠረብን። በ10 ሰው፣ በአፍሪካ ሻምፒዮን ፊት፣ 1 ለ 0 እየተመራን ቀረን። መጨረሻው ምን ሆነ? አዳነ ግርማ አገባ፤ ጨዋታው 1 ለ 1 ተጠናቀቀ።

ከአራት ቀን በኋላ በዚያው ሜዳ ከቡርኪና ፋሶ ጋር ተገናኘን። አሁን ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆነ። 1 ለ 0 እየተመራን ሳለ በሁለተኛው አጋማሽ የቡርኪና ፋሶ ግብ ጠባቂ በቀይ ካርድ ወጣ። እኛ 11፣ እነርሱ 10። ግማሽ ሰዓት ያህል ይቀራል። መጨረሻው ምን ሆነ? 4 ለ 0 ተሸነፍን። ከአራቱ ጎሎች ሦስቱ የተቆጠሩብን ባላጋራችን በ10 ሰው ሲጫወት ነው።

አንባቢ ሆይ፣ እነዚህን ሁለት ቀኖች ጎን ለጎን አስቀምጣቸው። በ10 ሰው ሻምፒዮኑን ያቆመ ቡድን፣ በ11 ሰው በ10 ሰው ቡድን ሦስት ጎል ገባበት። ተጫዋቾቹ በአራት ቀን ውስጥ ችሎታቸውን አልጣሉም። እኔ የማየው ልዩነት አንድ ነው። በዛምቢያው ጨዋታ ቀይ ካርዱ አስገደደን። ሰው ጎድሎናልና ቦታችንን አጠበብን፤ ማን የት እንደሚቆም እንደገና ተስማማን፤ ባገኘነው አጋጣሚ ወጣን። በቡርኪና ፋሶው ጨዋታ ያስገደደን አልነበረም። የሜዳው ሁኔታ ፈጽሞ ተለውጦ ሳለ የእኛ አስተሳሰብ አልተለወጠም። ጎል ፍለጋ ወደ ፊት ጎረፍን፤ ከኋላችን ሰፊ ሜዳ ቀረ፤ ፈጣን አጥቂዎች የያዘ ቡድን ደግሞ የሚመኘው ያንኑ ሜዳ ነው። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ።

ለአሰልጣኝ ሰውነት ያለኝ አክብሮት ከፍ ያለ ነው። ለ31 ዓመት ማንም ያልሠራውን ሠርተዋል፤ የገጠመን ቡርኪና ፋሶም ቀላል ቡድን አልነበረም፤ ለዋንጫ ፍጻሜ ደርሷል። ነጥቤ ይህ ነው፦ ስንገደድ መለወጥ እንችላለን። ሳንገደድ፣ አስበንና መርጠን መለወጥ ግን አልለመድንም።

የተቃዋሚዎቼ ክርክር

የተቃዋሚዎቼን ክርክር አቅልዬ ማየት አልፈልግም፤ ሦስቱን ጠንካሮች እወስዳለሁ።

አንደኛው የጊዜ ነው። «ብሔራዊ ቡድን ለልምምድ የሚገናኘው ለጥቂት ቀናት ነው፤ በዚያ ላይ አሰላለፍ ብትለውጥ ተጫዋቹ ግራ ይጋባል» ይላሉ። ጊዜ ማጠሩ እውነት ነው። ከዚህ የሚከተለው ግን ሁለተኛውን አሰላለፍ አስቀድሞ በክለብና በወጣት ቡድን ማስተማር ነው። ደግሞም መለወጥ ማለት ሁልጊዜ ሁሉን ማፍረስ አይደለም። «የግራ መስመር ተከላካይ ሆይ፣ ዛሬ አትውጣ» ማለት አሰላለፍ መለወጥ ነው። «አንተ አማካይ፣ ኳስ ስናጣ ከተከላካዮቹ ፊት ቁም» ማለትም እንዲሁ። ይህን ለመረዳት አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል።

ሁለተኛው የግብፁ ጨዋታ ነው። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ የሜዳችን ጨዋታ ተብሎ በሰው አገር፣ ማላዊ ሊሎንግዌ ላይ፣ የአሰልጣኝ ውበቱ አባተ ቡድን ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፈ። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አገቡ። ከአራት ቀን በፊት በዚያው ከተማ በማላዊ 2 ለ 1 ተሸንፎ የነበረ ቡድን ነው። «አየህ፣ ኳስ ይዞ መጫወቱን ባለመተው አሸነፈ» ይሉኛል። በሚገባ አይቻለሁ፤ ደስታውም ደስታዬ ነበር። ነገር ግን ይህ የሚያረጋግጠው የእኔን ነጥብ ነው። ኳስ ይዞ መጫወት አቋም ነው ብያለሁ፤ አቋም ይጽና ብያለሁ። ኳስ ይዞ መጫወት በ4-3-3ም ይቻላል፣ በ3-5-2ም ይቻላል። «ኳሱን አትልቀቁ» ማለትና «አሰላለፉን አትንኩ» ማለት አንድ አይደሉም።

ሦስተኛው ከባዱ ነው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2021 ፔፕ ጓርዲዮላ በአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ በቼልሲ ፊት ሮድሪንም ፈርናንዲኞንም ተጠባባቂ ወንበር ላይ አስቀምጦ ያለ ተከላካይ አማካይ ገባ፤ 1 ለ 0 ተሸነፈ። «አዋቂው ጓርዲዮላ እንኳ በመለወጡ ተቀጣ» ይላሉ። እኔም እስማማለሁ፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነበር። ግን ምን እንደ ለወጠ እንይ። ዓመቱን ሙሉ ቡድኑን ያቆመውን ምሰሶ ነው ያነሣው። ከዚህ የምንማረው የለውጥን መለኪያ ነው፦ የምትበልጥበትን ጠብቀህ የቀረውን ለውጥ።

በዚህ መለኪያ የሆላንዱን ሉዊ ቫን ኻልን እንይ። በሆላንድ 4-3-3 እንደ ሃይማኖት የሚቆጠር አሰላለፍ ነው። ቫን ኻል በ2014ቱ የዓለም ዋንጫ ይህን ትቶ አምስት ተከላካይ አሰለፈ፤ በአገሩም ብዙ ወቀሳ ወረደበት። የሚበልጥበት የሮበን ፍጥነትና የቫን ፔርሲ አጨራረስ ነበር፤ እነርሱን አልነካም። የነካው የተቀሩትን ነው። የዓለም ሻምፒዮኗን ስፔንን 5 ለ 1 አሸነፈ፤ ውድድሩንም በሦስተኛነት ጨረሰ።

ሌላም መጨመር አለብኝ። ሜሲን፣ ዣቪንና ኢኒየስታን የያዘ አሰልጣኝ «ባላጋራዬ ለእኔ ይለወጥ» ማለት ይችላል። ኃያል ሰው ይህን መብት ገዝቶታል። እኛ አልገዛነውም። የሜዳችንን ጨዋታ እንኳ በሰው አገር የተጫወትን ሕዝብ፣ በእያንዳንዱ ባላጋራ ፊት ማሰብ ግዴታችን ነው። የባርሴሎናን ኩራት ያለ ባርሴሎና ተጫዋቾች መዋስ አይሆንልንም።

ከጦር ሜዳው

«መለወጥ የእኛ ባሕል አይደለም፤ እኛ ፊት ለፊት የምንገጥም ሕዝብ ነን» የሚልም አይጠፋም። ታሪኩን እንጠይቅ። በ1888 ዓ.ም. መቀሌ ላይ የመሸገውን የኢጣሊያ ጦር ሠራዊታችን ፊት ለፊት ገጥሞ ብዙ ሰው አለቀበት፤ ምሽጉ ግን አልተደፈረም። ከዚያ አሰላለፉ ተለወጠ። የምሽጉ የውኃ ምንጭ ተያዘ፤ ምክሩ የእቴጌ ጣይቱ እንደ ነበር ይነገራል። በግንባር ያልተደፈረው ምሽግ በጥም ተለቀቀ። እቴጌ ጣይቱን «ወላዋይ» ያላቸው የለም።

ከ40 ዓመት በኋላ፣ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ማይጨው ላይ ጦራችን አውሮፕላንና የመርዝ ጋዝ የያዘን፣ በምሽግ የተዘጋጀን ጠላት ፊት ለፊት ገጠመ። ጀግንነት አልጎደለም፤ ውጤቱን ግን እናውቃለን። ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የገሠገሠው የባዶሊዮ የሞተር ሠራዊት፣ እኔ በምጽፍበት በዚህ በጣርማ በር፣ መንገዱ ፈርሶ ስለ ጠበቀው ለአጭር ጊዜም ቢሆን ተገትቶ ነበር። ያን ያህል ኃይል ለጥቂት ጊዜም ቢሆን ያቆመው፣ ቦታን አይቶ መንገድን መቁረጥ ነው። ጠላት አልፎ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ በኋላ ግን በመንዝ፣ በተጉለት፣ በቡልጋና በይፋት፣ እነ ራስ አበበ አረጋይ አሰላለፋቸውን ለውጠው አምስት ዓመት ተዋጉ። ሌሊት መጥተው ንጋት ይሰወራሉ፤ ሲመቻቸው ይመታሉ፣ ሳይመቻቸው ይሸሻሉ። ዓላማቸው ከማይጨው ዘማቾች ዓላማ ቅንጣት አልተለየም። የተለየው አቆማቸው ነው። «አርበኛ» የሚለውን የክብር ስም ይዘው የኖሩት እንዲህ የተዋጉት ናቸው።

ኳሱን ወደምታውቁት ሜዳ

ቃል በገባሁት መሠረት ወደ ፖለቲካው ልመለስ። በ1960ዎቹ የነበረው ትውልድ «አቋም»፣ «መስመር»፣ «አሰላለፍ» የሚሉትን ቃላት እንደ ዳዊት ደግሟቸዋል። ኢሕአፓና መኢሶን ሁለቱም ሶሻሊስት ነን ይሉ ነበር፤ ሁለቱም መሬት ለአራሹ ብለዋል። አንዱ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ ይቋቋም አለ። ሌላው ለደርግ ሂሳዊ ድጋፍ እየሰጠን ሕዝቡን እናደራጅ አለ። ይህ በመሠረቱ የአሰላለፍ ክርክር ነበር፤ በዚህ ባላጋራ ፊት እንዴት እንቁም የሚል። እነርሱ ግን የአቋም ክርክር አደረጉት። አንዱ ሌላውን «ባንዳ» አለው፤ ሌላው «አናርኪስት» ብሎ መለሰ። ቃሉ ጥይት ሆነ። መኢሶን ራሱ በነሐሴ 1969 ዓ.ም. ስልቱን ለውጦ ኅቡዕ ሲገባ ጊዜው አልፎ ነበር። የሞቱት ወጣቶች በዓላማ የተለያዩ ጠላቶች አልነበሩም።

አሰላለፍ የለወጠን ሰው ከሃዲ ማለት ከዚያ ዘመን የወረስነው በሽታ ነው። ዛሬም የተደራደረ ፖለቲከኛ «ተሸጠ» ይባላል፤ ስልቱን ያሻሻለ ድርጅት «ከሸፈ» ይባላል። አንድ መንገድ ይዞ ግድግዳ ጋር የሚጋጭ ደግሞ «ቆራጥ» ተብሎ ይጨበጨብለታል። ይህን ልዩነት በኳስ ሜዳ ብንማረው ይሻለናል፤ በዚያ ዋጋው አራት ጎል ብቻ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ምፀቱን ልብ በሉት። አሰላለፍ መለወጥን የምንጸየፍ ሰዎች አሰልጣኝ መለወጥን አንጸየፍም። ከ2006 እስከ 2012 ዓ.ም. ብቻ ሰውነት ቢሻው፣ ማሪያኖ ባሬቶ፣ ዮሐንስ ሣህሌ፣ ገብረመድኅን ኃይሌ፣ አሸናፊ በቀለና አብርሃም መብራቱ በዚያ ወንበር ተቀምጠዋል። ስድስት ሰው! እያንዳንዱ ሲመጣ ከሀ ይጀምራል፤ ሲሄድ የተማረውን ይዞ ይሄዳል። ውኃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ።

የሚሻለው የዚህ ተቃራኒ ነው። ፌዴሬሽኑ አሰልጣኙን ያቆየው፤ አሰልጣኙ ግን በእያንዳንዱ ጨዋታ ፊት ምን እንዳሰበ ይጠየቅ። ጋዜጠኞቻችን ከጨዋታ በኋላ «ስሜትዎ እንዴት ነው?» ከማለት ይልቅ «ባላጋራዎ መሐል ሜዳ ላይ በአንድ ሰው እንደሚበልጥ መቼ አዩ? ምንስ አደረጉ?» ብለው ይጠይቁ። የክለብ አሰልጣኞች ወጣቶቻቸውን ቢያንስ ሁለት አሰላለፍ ያስተምሩ። እኛም ተመልካቾች በ60ኛው ደቂቃ ከአጥቂ ይልቅ አማካይ ተቀይሮ ሲገባ «ፈራ» ብለን ከመጮኻችን በፊት ሜዳው ላይ ያሉትን ሰዎች እንቁጠር።

«ፍልስፍና አለኝ» የሚል አሰልጣኝ እሰየው፤ ፍልስፍናውን ይያዝ። ፍልስፍና ግን ማሰብ ማለት ነው። ባላጋራውን ሳያይ፣ ሜዳውን ሳያይ፣ የራሱን ተጫዋቾች ድካም ሳያይ፣ ዓምና የጻፈውን ወረቀት ዘንድሮም የሚያነብብ ሰው ማሰቡን አቁሟል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው፣ በኳስም ይሁን በመንግሥት ሥራ፣ የሰው ዕድል አደራ አይሰጥም።

ቸር ይግጠመን።